ቡላው ልቃቂት

ቻይነሽ ከሱቁ በር ላይ ብቅ ስትል ባለሱቁ ደጀኔ ገና ፊቷን እንዳየ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«መጣሽ ደግሞ?»

«መጣሁ፤ ምን ላድርግ።»

«ከትናንት ወዲያ ሰማያዊውን ክር ወስደሽ መለስሽ። ትናንት ቢጫውን ወስደሽ መለስሽ። ዛሬ እንግዲህ እኔኑ ተርትረሽ በኪሮሽ ልትሠሪኝ ነው የቀረሽ።»

«አንተማ ቀለምህ ይለቃል፤ ማን ይፈልግሃል» አለችው። ግን ሳቋ ከጥርሷ አላለፈም፤ ዐይኗ መደርደሪያው ላይ ነበር።

ያን ጊዜ ሚሊኒየሙ ከተከበረ ወዲህ መሆኑ ነው፣ ፍኖተ ሰላም ባጃጅ እንደ ንብ የሚርመሰመስባት፣ ውስጥ ለውስጥ መንገዷ ድንጋይ የሚነጠፍባት ከተማ ሆናለች። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ቻይነሽ ሳምንቱን ሙሉ ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት ስትመላለስ ያያት ሰው ንብረት የጠፋባት መስሎት ነበር። የምትፈልገው ግን ክር ነው። ለአሻንጉሊት የሚሆን ክር።

ለወሬ ይቀላል እንጂ የአሻንጉሊት ክር መምረጥ ቀላል ነገር አይደለም። የሶፋ ዳንቴል ቢሆን ቀለሙ ካማረ በቃ። አሻንጉሊት ሕፃን እጅ የሚገባ ነው፤ ሕፃን እጅ የገባ ነገር ደግሞ አፍ ሳይገባ አያድርም። ብናኙ የሚነቀል ክር ከሆነ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ ከንፈር ያበላሻል። የሚያንሸራትት ከሆነ ስፌቱ ይላላና የሆዱ ጥጥ በየቀዳዳው ብቅ ብቅ ይላል። ስለዚህ ቻይነሽ ክሩን ጉንጯ ላይ ታሻለች፤ ጫፉን በምራቋ አርሳ በነጠላዋ ጠርዝ ትፈትገዋለች፤ ሁለቱን ጫፍ ይዛ ሳብ ታደርግና ሲንጣጣ እንደሆነ ጆሮዋን ጣል ታደርጋለች።

«ይህን ሁሉ ፈተና ያለፈ ተማሪ ቢሆን ዩኒቨርሲቲ ይገባ ነበር» አለ ደጀኔ።

«ዝም በል እስቲ፤ ልጅ የሚያኝከው ነው።»

ልጅ ያለችው የልጅ ልጇን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ቻይነሽ ያምሮት የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ያምሮት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ተመደበች፤ እዚያም ተስፋው የሚባል የገበሬ ልጅ አገባች። ተስፋው ጨዋ ልጅ ነው። አባቱ አያ ገነነ፣ እናቱ እትዬ ታንጉት፣ ጎተራቸው የማይጎድል፣ በአገሩ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ቻይነሽ ደግሞ የሸማኔው የአድማሴ ልጅ ናት።

አገራችንን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ነገሩ ይገባዋል። የአድማሴን ጋቢ የማይለብስ አልነበረም፤ አድማሴ ቤት ገብቶ ውኃ የሚጠጣ ግን ጥቂት ነበር። የእጅ ሥራ ያለው ሰው ዐይኑ ልጅ ይበላል፣ ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ሆኖ ይወጣል ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች፤ እግዜር ይቅር ይበላቸው። መንግሥት በየስብሰባው «ጎጂ ልማድ» እያለ ቢያወግዘውም፣ ነገሩ ከአፍ ወጣ እንጂ ከሆድ አልወጣም።

እትዬ ታንጉት ለቻይነሽ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግረው አያውቁም። እንዲያውም አክብሮታቸው በዛ። በዕድሜ ታላቋ ሆነው ሳሉ «እርስዎ» ይሏታል፤ ስትገባ ብድግ ይላሉ፤ ከሁሉ ለብቻዋ፣ ከሁሉ የተሻለ ወንበር ይሰጧታል። አክብሮት ግን አንዳንዴ አጥር ነው። ደንቡ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ያምሮት ስታረግዝ «መንገዱ ያንገላታታል» ተባለና እዚያው ባሏ ዘንድ ወለደች። ቻይነሽ ማርና ቅቤ ይዛ አራሷን ልትጠይቅ ስትሄድ ሕፃኗ በነጠላ ተሸፍና ነበር። «አሁን ገና ተኛች» አሉ እትዬ ታንጉት። ሌላ ጊዜም ሄደች። «አሁን ገና ተኛች።» ቻይነሽ የልጅ ልጇን የምታውቃት ከነጠላ ሥር በሚነሣና በሚወርድ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

አሁን የሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሞልቶ እሑድ ክርስትና ልትነሣ ነው። «እርስዎም ይምጡ፤ ቅዳሜ መጥተው ይደሩ» የሚል መልእክት መጣ። ቻይነሽ ተስፋዋን ሁሉ እዚያ ላይ ጣለች። አሻንጉሊቱን በእጄ ብሰጣት ልጅቱ እጇን ትዘረጋለች፤ እጇን ስትዘረጋ ነጠላው ይገለጣል፤ ነጠላው ከተገለጠ ምናልባት አንዴ ያሳቅፉኝ ይሆናል። ይኸው ነው አሳቧ፤ ሌላ የላትም።

«ነጩን ብትወስጅውስ?» አለ ደጀኔ።

ነጭማ ቤቷ ሞልቷል። በገዛ እጇ የፈተለችው፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ፣ ሕፃን ውሎ አድሮ ቢያኝከው የማይበጠስ ጥጥ። ግን እሱን ይዛ ብትሄድ፣ «የሸማኔ ልጅ ድርና ማጓን ይዛ መጣች» ቢሉስ? ተወችው። ጥቁሩን ዘወር ብላም አላየችው፤ የሐዘን ነው። ቀዩን በምራቋ ስትፈትገው ከነጠላዋ ጠርዝ ላይ የበርበሬ ጭላጭ የመሰለ ነገር ጥሎ ቀረ። አረንጓዴው እንደ ገሳ ይሻክራል።

ከመደርደሪያው ጥግ አንዲት ልቃቂት አቧራ ለብሳ ተቀምጣለች። ቡላማ ናት፤ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎባታል። ቻይነሽ አራገፈቻት። ጉንጯ ላይ አደረገቻት፤ እንደ ጫጩት ለሰለሰች። ፈተገቻት፤ ቀለም አልለቀቀችም። ሳበቻት፤ አልላላችም። ደግሞም እድፍ አታሳይም።

«ይህችን ስጠኝ።»

«ነገ ስትመልሻት በጧት ይሁን፤ ገበያ አለብኝ።»

«አልመልሳትም።»

ልትሠራ ያሰበችው ድብ ነው። ጥቃቅንና አነስተኛ በቀበሌ አዳራሽ ባዘጋጀው ስልጠና ላይ ከባሕር ዳር የመጣች አሠልጣኝ ያስተማረቻቸው ድብ አሠራር ነበር። ድብ እኛ አገር የለም፤ ዳዊት በጎቹን ሲጠብቅ ገደለው ሲባል ከመጽሐፍ እንሰማለን እንጂ ማን አይቶት። አሠልጣኟ ግን «ፈረንጅ ልጁን የሚያሳድገው ድብ አሳቅፎ ነው» አለቻቸው። ይህ ለቻይነሽ ጥሩ መሰላት። ማንም ደጅ የማይታሰር፣ ማንም የማያማው፣ ስሙ ከማንም ዘር ጋር ተነሥቶ የማያውቅ እንስሳ።

ጭንቅላቱን ሠራች፤ ሁለት ክብ ጆሮ አደረገችለት። ቁልፍ ልጅ ይውጣል ብላ ዐይኑን በጥቁር ክር ሰፋችው። ሆዱን በባዘቶ ጥጥ ሞላችው። የፊት እግሮቹን ስትሠራ ልቧ ደስ ብሎት ነበር፤ እጇም ላላ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ፤ ያምሮት ናት።

«እማዬ፣ ቅዳሜ መምጣትሽ ነው አይደል?»

«መምጣቴ ነው እንጂ እናቴ።»

«እማዬ... ልጅቱን ስታያት ‹ስታምር› እንዳትይ፣ እሺ? ምንም አይደለም፤ ለሰዎቹ ብዬ ነው።»

«እሺ» አለች ቻይነሽ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ኪሮሿን አነሣች። የኋላ እግሮቹን ሠራች። ዳንቴል የሚሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ሰው ሲጨነቅ እጁ ይጠብቃል፣ እጅ ሲጠብቅ የሚሠራው ነገር ያጥራል። ቻይነሽ ግን ያን ዕለት እጇን አላየችም። ቃሉ ነበር ጆሮዋ ውስጥ የሚመላለሰው። ስታምር እንዳትይ።

ቅዳሜ ጧት ጥሩ ነጠላዋን፣ አባቷ የሠራላትን፣ ተከናንባ ቡሬ ከሚሄደው ሚኒባስ ገባች። ከጎኗ ወለተ ሐና የሚባሉ አንዲት መነኵሲት ተቀምጠዋል። ቻይነሽን እጇ አላርፍ አላት። አሻንጉሊቱን ከፌስታል ታወጣዋለች፤ ጆሮውን ታቃናለች፤ ትመልሰዋለች። ደግሞ ታወጣዋለች። ማንኩሳ ሲደርሱ መነኵሲቷ፣

«ምንድን ነው እሱ ልጄ፣ እንደ ጫጩት የምታወጪ የምታስገቢው?» አሏት።

«አሻንጉሊት ነው እማሆይ። ለልጅ ልጄ። ነገ ክርስትናዋ ነው።»

«እሰይ! እግዚአብሔር ያሳድጋት። እስቲ አሳይኝ።» ተቀብለው፣ ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው አገላበጡት። «ጅብ መሆኑ ነው?»

ቻይነሽ የሰማችውን ማመን አቃታት።

ከኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ አንገቱን አስግጎ፣ «ጅብ ነው እንጂ እማሆይ! ወገቡን አያዩትም? ፊቱ ከፍ፣ ኋላው ዝቅ! ጠጉሩስ ቢሆን! አቤት እጅ!» አለ፤ ማመስገኑ ነበር። ረዳቱ ደግሞ ከበሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ጅቡም ሒሳብ ይከፍላል!» ሲል መኪናው ሳቅ በሳቅ ሆነ።

«ድብ ነው» አለች ቻይነሽ።

«ድብ ምን ይመስላል?» አሉ እማሆይ፣ ከልባቸው ሊያውቁ ፈልገው።

ቻይነሽ አሻንጉሊቱን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አቆመችው። አንድ ጊዜ ጅብ ከተባለ በኋላ ጅብ ሆኖ ቁጭ አለ። ክብ ጆሮው የጅብ ነው። ቡላማው የጅብ ነው፤ ጣል ጣል ያለው ነጠብጣብ የጅብ ነው። ከፍ ያለው ትከሻና ወረድ ያለው ዳሌ ሌላ የማንም አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ክር ስትመርጥ፣ ይህን ስትጥል ያንን ስታነሣ፣ ከቀለሙ ሁሉ ለይታ የጅብ ቆዳ መርጣለች።

ነገን አሰበችው። ዳሱ ሞልቷል፤ ካህናቱ አሉ፤ ዘመድ አዝማዱ አለ። የሸማኔው የአድማሴ ልጅ ብድግ ትልና በሕዝብ ፊት ሕፃኗን ጅብ ታሳቅፋታለች። ማንም ምንም አይልም፤ ያ ነው የሚብሰው። እትዬ ታንጉት በትሕትና ተቀብለው «እግዜር ይስጥልን» ብለው ከሆነ ቦታ ያኖሩታል። ልጅቱም እስክታድግ «አሁን ገና ተኛች» ትባላለች።

እጇ ቀድሟት ሄደ። ከጭራው ሥር ያሰረችውን ጫፍ በጥርሷ በጠሰችና ሳበችው። ክሩ ጥርቅ ጥርቅ እያለ ይፈታ ጀመር።

«ምነው ልጄ?» አሉ እማሆይ። «ኧረ ተይ! ጅብም ቢሆን እኮ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው።»

«ለእኔ አይሆንም እማሆይ። ለሌላ ሰው ይሆናል፤ ለእኔ አይሆንም።»

መነኵሲቷ አዩዋት። ገባቸው ይሁን አይግባቸው እንጃ፤ ባዘቶው እንዳይበን ፌስታሉን ከፍተው ያዙላት። ቡሬ ሲደርሱ ከጅቡ የቀረ ነገር የለም፤ ቻይነሽ ጉልበት ላይ የተንጨባረረ፣ የተጠማዘዘ ክር ተከምሯል።

ቡሬ የቅዳሜ ገበያዋ ነው። በቆሎ የጫነው መኪና፣ ነቀምት የሚሄደው አውቶቡስ፣ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ሁሉም አንዱን መገናኛ ሊያልፍበት ይጣላል። ቻይነሽ በመካከሉ እየተሹለከለከች ሱቅ ለሱቅ ዞረች። ሌላ ክር ብታገኝ፣ እስኪመሽ አንዲት ትንሽ በግ ትሠራለች። የመጀመሪያው ሱቅ የክር ዘር የለውም። ሁለተኛው የዓሣ ማጥመጃ የመሰለ የሚያብለጨልጭ አወጣላት። ሦስተኛው ደማቅ ሮዝ ነበረው። ቻይነሽ ችኮላ ስለያዛት የትኛውን ነጠላ እንደለበሰች ረስታ፣ በምራቋ አርሳ ፈተገችው። ሮዙ ከነጭ ነጠላዋ ጫፍ ላይ እንደ ማኅተም አረፈ።

«ወይኔ!» አለች። «ወይኔ አባቴ!»

ባለሱቋ ሴት ጎንበስ ብላ አየችው። «ያምራል እኮ» አለቻት፣ ልታጽናናት።

ሌላ የሚዞርበት ሱቅ አልነበረም። ጋሪ ተሳፈረች። ባዶ እጇን ለክርስትና እንዴት ትገባለች? ከዚያ ደግሞ ጅብ ይዞ ከመግባት ባዶ እጅ አይሻልም? ከዚያ ደግሞ አለመሄድስ? «ራሴን አመመኝ» ብትልስ?

«አቁምልኝ እስቲ» አለች። ባለጋሪው አቆመ።

«በል ሂድ፣ ግድ የለም።» ሄደ።

ጥቂት እንደሄዱ፣ «አይ፣ አቁምልኝ።»

ባለጋሪው ልጓሙን ያዝ አድርጎ ዞር አለ። «እናቴ፣ እኔስ ሰው ነኝ እችለዋለሁ፤ ፈረሱ ግን ግራ ገባው።»

ሄደች።

አያ ገነነ ቤት ደጅ ላይ ለነገ ዳስ ይተከላል። ከበሩ አጠገብ አንድ ትልቅ በሬ ታስሮ ያመሰኳል። ቻይነሽ በሬውንም አላየች፣ ዳሱንም አላየች፤ ፌስታሏን በነጠላዋ ሸፍና አንገቷን ደፍታ ገባች። «እንዴት ዋላችሁ» አለች። እትዬ ታንጉት ብድግ አሉላት። «ደህና መጡ እትዬ ቻይነሽ፤ ወደዚህ ይቀመጡ፤ መንገዱ አደከመዎ?» ያ ለብቻው የሚቀመጠው ወንበር ቀረበላት። ከወዲያ በመጋረጃው ክፍተት፣ መደብ ላይ፣ ነጠላ የለበሰ ትንሽ ነገር ታየ። ተኝታለች። ይህን ጊዜስ እውነትም ተኝታለች።

ቻይነሽ አረፍ ሳትል አያ ገነነ ከውጭ እየሳቁ ገቡ። በእጃቸው ክር ይዘዋል። ከአጥሩ በር ጀምረው እየሰበሰቡ መጥተዋል።

«እትዬ ቻይነሽ፣ ቤትዎን እየተረተሩ ነው እንዴ የመጡት? አጥሬን በክር አጠሩልኝ እኮ!»

ለካ ጫፉ በጋሪው ንቅናቄ ከፌስታሉ ወጥቶ፣ የአጥሩ እሾህ ያዘና እስከ ቤት ድረስ ተከትሏት ገብቷል።

«ምን ነበር?» አሉ እትዬ ታንጉት።

ውሸት የምትለው አላጣችም። ዳንቴል ነበር ብትል ማን ይጠይቃታል? ግን ሳምንቱን ሙሉ ሸሽታ ሸሽታ እግሯ ዝሏል።

«አሻንጉሊት ነበር፤ ለልጅቱ። መንገድ ላይ ተረተርሁት።»

«ውይ፣ ለምን?»

«ድብ ልሠራ ነበር ያሰብሁ። ጅብ ሆነብኝ» አለች ቻይነሽ። «እኔ... ጅብ ይዤ ይህን ቤት ልገባ አልደፈርሁም።»

በዚያ ቤት ያ ቃል በእሷ ፊት ሲነሣ የመጀመሪያው ነው፤ ያነሣችውም እሷው ሆነች። እትዬ ታንጉት ዐይናቸውን ወደ ምድጃው መለሱ። አያ ገነነ በእጃቸው የያዙትን ክር እያዩ ቆሙ። አንድ ጊዜ ሚስታቸውን አዩ፣ አንድ ጊዜ ቻይነሽን አዩ። ከዚያ ክሩን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ተጠጉ።

«ይህ የጅብ አይደለም» አሉ። «ይህማ የበሬዬ፣ የቦራዬ ቆዳ ነው። ኑ እዩት! ቡላነቱ፣ ነጠብጣቡ፤ ከጎኑ ላጭተው የወሰዱት ነው የሚመስል!»

ቻይነሽ ቀና ብላ አየች። ደጅ የታሰረው በሬ ቡላ ነው። ጎኑ ላይ ጠቆር ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አለው። ግንባሩ ላይ ብቻ ነጭ ቦራ።

«እንግዲያው ቦራዬን ሥሩልኝ» አሉ አያ ገነነ።

«በሬ ለሴት ልጅ?» አሉ እትዬ ታንጉት።

«ምነው፣ ሴት ልጅ እንጀራ የምትበላው በሬ ባረሰው አይደለም? ግንባሩን ግን እንዴት ያደርጉታል? ነጭ ይፈልጋል።»

ቻይነሽ የነጠላዋን ዘርፍ ያዝ አደረገች። «ከዚህ እመዛለሁ።»

እትዬ ታንጉት ጎንበስ ብለው ነጠላውን በጣታቸው ዳሰሱት። ሮዟን ነጠብጣብ አዩ፤ አለፏት። «የማን እጅ ነው?»

«የአባቴ።»

«አዎ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም ስዳር የለበስሁት የሳቸውን ነበር። ገና አለ፤ አላለቀም።» አያ ገነነ ዳሱን ሊያዩ ወጡ።

የተተረተረ ክር ወዲያው አይሠራም። ተጨማዶ ተጠማዝዞ ነው የሚወጣው፤ ያንን ካላቃኑት ስፌቱ ይወላገዳል። የቻይነሽ ደግሞ ከዚያ ሁሉ መጎተትና መሰብሰብ በኋላ ውሉ ጠፍቷል። ጎንበስ ብላ ስትፈልግ፣ ስትበጥስ፣ ስታሳስር እትዬ ታንጉት ጥቂት ታገሡ፤ አልቻሉም። ባለሙያ ሴት ውሉ የጠፋ ፈትል አይታ ዝም ማለት አይሆንላትም። የመቀመጫ ዱካቸውን ስበው ከፊቷ ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ያምጡት፤ እኔ ላይ ያዙሩት።»

ቻይነሽ ክሩን በሁለት እጃቸው ላይ ዘረጋችው፤ ከዚያ ከወዲያ ጫፍ ይዛ ታጠነጥን ጀመር። እትዬ ታንጉት እጃቸውን በግራ በቀኝ ዘንበል ዘንበል እያደረጉ ይለቁላታል። ሲቋጠር ቆም ይላሉ፤ ሲፈታ ይቀጥላሉ። ክሩ ከአንዳቸው ወደ አንዳቸው ይሄድ ነበር፤ ልቃቂቷም ቀስ በቀስ ትወፍር ነበር።

ግማሽ ያህል ሲደርሱ ከመጋረጃው ጀርባ ሕፃኗ ተንቀሳቀሰች። መጀመሪያ አጉረመረመች። ቀጥላ አለቀሰች።

«ያምሮት!» አሉ እትዬ ታንጉት።

ያምሮት ምንጭ ወርዳለች።

«ያምሮት ኧረ!»

ልቅሶው ከፍ አለ፤ እንደ ታፈነ ሰው ትር ትር ማለት ጀመረ። እትዬ ታንጉት ሊነሡ ሲሉ ክሩ ተወጥሮ እጃቸው ላይ ተጠመጠመ። በግራ ሊያወጡት አሉ፤ ባሰ። በቀኝ አሉ፤ እስከ ክርናቸው ወጣ። ቻይነሽ ልቃቂቷን እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። ወደ መጋረጃው ታያለች፣ ወደ እሳቸው ታያለች። አትነሣም፤ አትቀመጥም።

«ምን ትጠብቂያለሽ አንቺ!» አሉ እትዬ ታንጉት። «ልጅቱ ነፍሷ ሊወጣ ነው እኮ! አንሻት እንጂ!»

ቻይነሽ ተነሣች። እንዴት እንደሄደች አታውቀውም። ነጠላውን ገልጣ፣ በአንድ እጇ ማጅራቷን በአንድ እጇ ወገቧን ይዛ አነሣቻት፤ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ትሞቃለች። ቀላል ናት፤ ደግሞ ከባድ ናት። ወደ ወንበሩ ተመልሳ ተቀመጠች። ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ወዴት ነው የምታይው?»

«ምንም... ግድግዳውን።»

ውጭ የዳሱ ችካል ሲመታ ይሰማል። ሕፃኗ ልቅሶዋ ወደ ንፍርቅታ ወርዷል።

«ልጅ እየታየ ነው የሚታቀፈው» አሉ እትዬ ታንጉት በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ታመልጥሻለች። እያት።»

ቻይነሽ ፊቷን መለሰች።

የልጅቱ ግንባር የያምሮት ነው። አገጯ የነዚህኞቹ ነው። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ግን ትንሽ ታጠፍ ብላለች፤ ልክ እንደ አድማሴ፣ መወርወሪያውን ሲወረውር ጎንበስ ሲል ትታይ እንደነበረችው ጆሮ። ቻይነሽ ያ የተከለከለችው ቃል አፏ ድረስ መጣባት፤ ዋጠችው። ልጅቱ ዐይኗን ከፍታ ታያት ነበር። ከዚያ እጇን ሰደደችና ከልቃቂቷ የተንጠለጠለውን ክር ጨበጠች፤ ወደ አፏም ወሰደችው።

«ቀለሙ አይለቅም?» አሉ እትዬ ታንጉት።

«አይለቅም። አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያስ ተያት።»

ሁለቱም ተቀመጡ፤ አንዷ ልጅ ታቅፋ፣ አንዷ እጇን ዘርግታ። የሚያጠነጥን ሰው የለም። ክሩ ከሕፃኗ ጡጫ እስከ እትዬ ታንጉት እጅ ድረስ ተወጥሮ ቆሟል።

«እጄ ደነዘዘ» አሉ እትዬ ታንጉት ቆየት ብለው።

ቻይነሽ ልትነሣ ተንቀሳቀሰች።

«ቁጭ በይ!» አሏት። «ደነዘዘ አልሁ እንጂ አውርጂልኝ አላልሁም።»